ሁለት ጎማ፣ አራት ጎማ፣ አንድ ጭቃ

ሰኔ መግቢያ ላይ የባለቤቴ ወንድም ለሦስት ወር ወደ ውጭ ሲሄድ የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ ጣለልኝ። "ክረምቱን ያዘውና ሞክረው፤ ከተስማማህ እንነጋገራለን" አለኝ። መኪናው የቮልክስዋገን አይዲ ፎር ነው። ኤሌክትሪክ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ። በዚያው ሰሞን አንድ ሻጭ ያንኑ መኪና ፊትም ኋላም ሞተር ያለውን፣ አራቱም ጎማ የሚሠራውን አሳይቶኝ ነበር። የዋጋው ልዩነት ሰርቪስ ቤት ያሠራል። ጥያቄው ታዲያ፦ ለእኛ መንገድ ሁለት ጎማ ይበቃል ወይስ አራት?

የምንኖረው ከቱሉ ዲምቱ ወደ ውስጥ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚያው አጠገባችን ነው፤ ሌሊት መኪና ሲበር ድምፁ ግቢያችን ድረስ ይሰማል። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው 1.8 ኪሎ ሜትር ግን መረሬ ነው። መረሬን ለማያውቅ፦ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ከዚያ ጫማህን ይዞ ይቀራል።

እስካሁን የነዳሁት ቶዮታ ዲኤክስ ነበር። 11 ዓመት አብረን ኖረናል። እሱም በኋላ ጎማ ነው የሚሄደው፣ ሞተሩ ግን ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ኋላው ቀላል ነው፤ ጭቃ ሲያይ ቂጡን ያወዛውዛል። መድኃኒቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐምሌ ሲገባ ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ፖርታባጋሊዮ ውስጥ ይጫናል። አንዱ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር ደግሞ እጅ ፍሬኑን በስሱ ሳብ ማድረግ። እጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላዎቹን ስለሆነ የሚሽከረከረው ይገታና ጉልበቱ ወደ ሌላኛው ይሄዳል። ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ያለ ከልካይ ሁልጊዜ ለሰነፉ ጎማ ነው የሚያደላው። አዲሱ መኪና ላይ እጅ ፍሬን በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ሆኗል፤ የ11 ዓመት ጥበቤ በአንድ ቀን ጡረታ ወጣ።

ያው ጥያቄ ሞንትሪያል ያለችውን ታናሽ እህቴንም ይዟት ነበር። እሷ ለበረዶ፣ እኔ ለጭቃ። እሁድ ማታ ትደውላለች። "ወንድምጋሼ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ፎር ዊል ግዢ ይለኛል፣ አንተ ምን ትላለህ?" እኔ በረዶ የማውቀው የእኛን ነው፤ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ ጎመን በሳስቶ በሩብ ሰዓት የሚቀልጠውን። የእነሱ አራት አምስት ወር መሬት ላይ ይተኛል። ምን ልበላት?

እሷ ግን አንድ ነገር አስተማረችኝ። ሞንትሪያል ባለችበት በኩቤክ ግዛት የክረምት ጎማ ማሰር በሕግ ግዴታ ነው፤ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15። መኪናው በሁለት ይሂድ በአራት ሕጉ አይጠይቅም፤ የሚያየው ጎማውን ነው። ተራው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደርቃል፣ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። የክረምቱ ላስቲክ በብርድም እንደለሰለሰ ይቆያል። ጥርሱ መሃል በረዶ ቢገባ ደግሞ ደግ ነው አለችኝ። በረዶ ከበረዶ ጋር ይጣበቃል፣ ልጆች አድቦልቡለው ሲወራወሩበት እንደሚያያዘው።

የእኛ ጭቃ የዚህ ተቃራኒ ነው። መረሬ ጥርሱ መሃል ከገባ አይወጣም። አሥር ሜትር ሳትሄድ ጎማው እንደ ድቡልቡል ሳሙና ይሆናል። ያኔ ሁለትም ይሁን አራት፣ የሚሽከረከረው ሳሙና ነው።

ሐምሌ 9 ቀን ነው የገባኝ። ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ውሎ ማታ አባራ። መኪናው እስከዚያ ቀን አኩርቶኝ ነበር። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተዘረጋና ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ክብደቱ ፊትና ኋላ እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ዲኤክስ በሚወዛወዝበት ቦታ ዝም ብሎ ያልፋል። ልቤ አበጠ። ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ በኋላ አንድ አይሱዙ የቆፈረው ጎድጓዳ አለ። በዳር በኩል ማለፍ ስችል መሃሉን መረጥኩ።

የኋላ ቀኙ ገባ። ረገጥኩ። መኪናው ራሱ ኃይሉን ቀነሰብኝ፤ ጎማ ሲንሸራተት እንዲያ እንዲያደርግ ነው የተሠራው። ከስክሪኑ ውስጥ ፈልጌ አጠፋሁትና ደግሜ ረገጥኩ። ይኼኛው ትልቁ ስህተቴ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ከዜሮ ጀምሮ ነው የሚሰጠው፤ እንደ ፍሪሲዮን በስሱ ለቀቅ፣ ያዝ የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም ያለው እግርህ ላይ ነው። ጎማው በሁለት ሰከንድ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨረሰ። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ሆዱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

የሰፈሩ ልጆች ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም፣ ግን ይመጣሉ። ሦስቱ አካፋ ይዘዋል። "ብራዘር፣ ቤንዚን አትርገጥ!" አለ አንደኛው። ቤንዚን የለውም ልለው ነበር፣ ሰዓቱ አልነበረም። ጭድ አመጡ፣ ድንጋይ አመጡ። ከዚያ "መጎተቻው የታለ?" ሲሉኝ ዝም አልኩ። ቀለበቱ ፖርታባጋሊዮ ወለል ሥር ከመሣሪያው ጋር ተቀምጧል። ባምፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን አንስተህ ነው የምታስገባው። ያንን በስልክ መብራት ለማግኘት 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። አገኘሁት፣ ላስረው ብል እምቢ አለ። ለካ ጥርሱ ግራ ነው፤ የሚጠብቀው እንደ ሌላው ብሎን ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ስታዞረው ነው።

ልጆቹ መቼም ደግ ናቸው፣ ግን በነፃ አይደለም። አይፈረድባቸውም፣ ጉልበታቸውን ወደ ውስጥ ከሰመጠ መኪና ጋር ነው የሚለኩት።

የዚያኑ ሳምንት ጎረቤቴ ጋሼ በፎር ዊል ፒክአፑ ያንን ጎድጓዳ እያፏጨ አለፈ። በመስኮት እጁን እያውለበለበልኝ። ከዚያ 300 ሜትር ወደ ውስጥ፣ ማሳው ጠርዝ ላይ ቀረ። በነጋታው ትራክተር ነው ያወጣው። አራቱም ጎማ እስከ ግማሻቸው ገብተዋል። እኔ ከቤቴ አቅራቢያ ሰመጥኩ፣ እሱ ሰው በሌለበት። ይኼን የማነሳው ላበሽቀው አይደለም (ትንሽ ላበሽቀው ነው)። ፎር ዊል ብዙ ጊዜ ከችግር አያወጣህም፤ ችግሩ ይበልጥ ወደሚከፋበት ቦታ ያደርስሃል።

ነሐሴ ላይ ሻጩን ለምኜ ባለሁለት ሞተሩን በእኛ መንገድ ሞከርኩት። ሻጩ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። ከድልድዩ በኋላ ያለችው ዳገት ላይ ቆሜ ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። የኋላው ሸርተት ሲል የፊቱ ይስባል፤ መሪው እጅህ ላይ አይታገልም። የእኔው መኪና እዚያች ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ነው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና የሚንደረደረው። እንግዲህ ልገዛው ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቁልቁለቱን ወረድን። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነን። ፍሬን ያዝኩ። ምንም። ያው መንሸራተት፣ ያው ወደ ቦዩ መሄድ። ልጁ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ያዘ። ከቦዩ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን።

ፍሬን በሁሉም መኪና ላይ አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው። ርካሹም ውዱም በዚህ እኩል ነው። ተጨማሪው ሞተር ሲነሱ ይረዳል፣ ዳገት ላይ ይረዳል፤ ለመቆምና ለመታጠፍ ያለህ ያው መሬቱን የነካው ላስቲክ ነው። እንዲያውም የሚያሳስተው እሱ ነው፤ ሲነሳ ስላልተንሸራተተ መንገዱ ደህና ይመስልሃል።

ለእህቴ ይኼንኑ ስነግራት ሳቀች። እዚያ በመጀመሪያው በረዶ ቀን ቦይ ውስጥ ገብተው ከሚታዩት ብዙዎቹ ፎር ዊል ናቸው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ጎማ አዞርኩ። ጎሚስታው ጎማዎቹን እያየ ምላሱን መታ። ጥርሳቸው ለአስፋልት የተሠራ፣ ለስለስ ያለ ነው። የፊቱ 235፣ የኋላው 255 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው፤ ስለዚህ የፊቱን ወደ ኋላ እያፈራረቁ ማስጨረስ የለም። ትርፍ ጎማም ይዞ አይመጣም። ይኼን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት፤ እኔ ሰምጬ ነው ያወቅኩት። በልኩ ጥርሰ ሰፊ ጎማ ፈልጎ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ወሰደበት። ከታሰረ በኋላ ጭቃውን በየዙሩ ሲወረውር በመስታወት ይታየኛል። ግድግዳችንን አበላሸው፣ ግን መኪናው ይሄዳል።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም ለመድኩ። ከአስፋልቱ ስወርድ የጎማውን አየር ከ36 ወደ 26 ፒኤስአይ አወርዳለሁ፣ ስመለስ በትንሿ መንፊያ እሞላለሁ። አስፋልት እንደወጣሁ ወዲያው አልፈጥንም፤ ጎማው ገና በጭቃ ተለስኗል፣ የመጀመሪያው ፍሬን ሁልጊዜ ይዋሻል። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ከቢ ወደ ዲ እመልሳለሁ። ቢ ላይ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ የሚይዘው ደግሞ በኋላ ጎማ ነው፤ ጭቃ ላይ ኋላውን ሊያወጣብህ ይችላል። ከወጣ ደግሞ መሪውን ኋላው ወደሄደበት አቅጣጫ፣ በስሱ።

እህቴ በመጨረሻ አራቱም የሚሠራውን ገዛች። ልክ ናት፤ ቤቷ ዳገት ላይ ነው፣ በረዶ የሚጠርገው መኪናም እነሱ መንገድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሥራ ትገባለች። የክረምት ጎማውን ግን ከመኪናው በፊት ነው ያዘዘችው። እኔም እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ዳገት ላይ ብኖር ኖሮ ሌላ ነገር አወራ ነበር። የእኛ አብዛኛው ሜዳ ነው። ችግራችን መነሳት አይደለም፣ መስመጥ ነው።

ስለዚህ የኋላውን ያዝኩ። የባለቤቴ ወንድም መስከረም ላይ ሲመለስ ተነጋገርን፣ ዋጋው ላይ ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ተስማማን። ከተረፈው ብር ላይ ቆርጬ ከስምንት ጎረቤቶች ጋር ሁለት ሲኖትራክ ገረጋንቲ አስገለበጥን። ጋሼም አዋጣ። ያ ጎድጓዳ አሁን የለም፤ 50 ሜትር ወደፊት ሄዶ ሌላ ተፈጥሯል።

የመጎተቻው ቀለበት ፖርታባጋሊዮ ውስጥ አይደለም ያለው። የሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው፣ ከአንድ ጥንድ ቦቲ ካልሲ ጋር።