ዝቅ ያለ ቴላዮ ላለው የድሮ ብስክሌት ዕቃ መምረጥ

የድሮዋ ፈረንሳይ ሠራሽ ብስክሌት ፔዳል ሳይንገጫገጭ መዞር ስለጀመረ፣ ዕቃ ስመርጥላት ያገኘሁትን ልምድ አሮጌ ብስክሌት ለሚያድሱ ወዳጆች ላካፍል ወደድሁ። ቴላዮዋ፣ ማለትም ከቱቦ የተሠራው የብስክሌቷ አካል፣ በተለምዶ «የሴት» የምንለው፣ የላይኛው ቱቦ ወደ ታች የወረደለት ዓይነት ነው፤ እህቴ ድሪያ የሚባለውን ሰፊና ረጅም ቀሚስ ለብሳም ሳትቸገር እንድትወጣበትና እንድትወርድበት ታስቦ የተመረጠ ነው። ድሬዳዋ፣ በተለይ ከዚራ የሚባለው ሰፈሯ፣ መንገዷ ሜዳ፣ ዛፏም ጥላ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት።

መፍታቱን፣ ዝገት መፋቁንና ቀለም መቀባቱን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ሆኖም የላይኛው ቱቦ የወረደለት ቴላዮ ከወንዱ ይልቅ ለመጣመም ስለሚቀርብ፣ አንድ ብር እንኳ ከማውጣታችሁ በፊት ከመሪው አንገት ተነሥቶ በኋላ ጎማ ማሰሪያዎች ዞሮ የሚመለስ ክር ወጥሩና ክሩ ከመቀመጫው ቱቦ በግራና በቀኝ ያለውን ርቀት ለኩ። ርቀቱ እኩል ካልሆነ መጀመሪያ ቴላዮው ይቃና።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ የፔዳሉ አክሰል የሚያልፍበት ቤት ነው። አክሰሉ የሚዞረው በብረት ኳሶች ላይ ሲሆን፣ ኳሶቹን የሚይዙት ከግራና ከቀኝ በጥርስ (እንደ ቡሎን ባለ ጠመዝማዛ መስመር) እየዞሩ የሚገቡ ሁለት የብረት ኩባያዎች ናቸው። ገበያችን ውስጥ የሚገኙት ኩባያዎች በአብዛኛው የእንግሊዝ ልክ ናቸው፤ ስፋታቸው 1.37 ኢንች፣ ማለትም 34.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አላቸው። የድሮው የፈረንሳይ ልክ ግን 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከጥርስ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ለዓይን ስለማይታይ የእንግሊዙ ኩባያ ጥቂት ዙር ገብቶ ይነክሳል፤ ያን ጊዜ «ትንሽ ጠንከር አድርገህ ግፋው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ምክር ፈጽሞ አትቀበሉ፤ ጥርሱ የተበላ ቤት ያለው ቴላዮ ከዚያ በኋላ የሚጠቅመው ለቁራሌው ነው።

ሌላው ልዩነት የአዟዟር ነው። የእንግሊዙ ቀኝ ኩባያ በግራ ጥርስ የተሠራ ነው፤ የፈረንሳዩ ግን ሁለቱም ወገን እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። ለዓመታት የተጣበቀውን ቀኝ ኩባያ ለመፍታት ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ሞርሳ፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው የብረት መንከሻ፣ ነው። ኩባያውን በዘይትና በናፍጣ ድብልቅ አርሶ ካሳደሩ በኋላ፣ ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ሞርሳው አጥብቆ እንዲነክስ አድርጎ ቴላዮውን በላዩ ላይ ማስተኛት፣ ከዚያም ቴላዮውን ራሱን በሁለት እጅ ይዞ ከላይ ሲያዩት በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ማዞር ነው። የኔው ከቆይታ በኋላ ቀጭ ብሎ ሲለቅ ጥርሱ አንድም ሳይጎዳ ወጣ።

ቀኙ ኩባያ ታጥቦ ንጹሕ ሲሆን፣ የግራው ግን ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ተቦርቡሮ ነበር። ታይዋንና ቀፊራ በሚባሉት የከተማችን ገበያዎች ፈልጌ የፈረንሳይ ልክ አላገኘሁም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ በብረት ሥራ የኖረች ከተማ ውስጥ ግን ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን፣ አይታጣም። አንድ አረጋዊ ባለሙያ አሮጌውን ኩባያ በካሊፐር ለክተው «ልጄ፣ ይህማ 35 በ1 ነው፤ ሜትሪክ ስለሆነ ለቶርኖ ከእንግሊዙ ይቀላል» አሉኝ። ከአሮጌ የመኪና አክሰል ቆርጠው አዲስ ኩባያ አወጡ፤ ጥርሱ ቴላዮው ውስጥ በእጅ ብቻ እስኪገባ ድረስ እየለኩ ቀረጹት፤ ከዚያም ቀይ እስኪሆን አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩት። ሲቀዘቅዝ ሞረድ አስነኩት፤ ሞረዱም ሳይቧጥጥ ተንሸራተተ። በእሳት ያልጠነከረ ኩባያ ኳሶቹ በአጭር ጊዜ ስለሚቦረቡሩት ይህን ፈተና ሳታዩ ሥራውን አትረከቡ። ኳሶቹን ሁሉ በአዲስ ቀየርኋቸው፤ በየወገኑ 11 ሲሆኑ መጠናቸው ሩብ ኢንች ነው። አሮጌና አዲስ ኳስ መቀላቀልን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ትልልቆቹ ብቻቸውን ሸክሙን ስለሚይዙት ቤቱ ቶሎ ያልቃል።

ቤቱን አስፍቶ በጣሊያን ልክ፣ በ36 ሚሊ ሜትር፣ ጥርስ ማውጣት እንደሚቻል አውቃለሁ። ነገር ግን ከቴላዮው የተቆረጠ ብረት አይመለስምና አማራጭ እስካለ ድረስ አልመክረውም።

ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ፣ ያን ያህል አላደከመኝም። የመጀመሪያው ዲያሜትሩ 584 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለዚህ ልክ ጎማ ማግኘት ስላልቻልሁ 559 ሚሊ ሜትር የሆነውን የተለመደ ባለ 26 ቸርኬ አስገባሁ። ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ሲደረግበት፣ ከድሮው ባለ 38 ጎማ ጋር ሲነጻጸር ፔዳሉ ወደ መሬት የሚቀርበው በ3.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቸርኬው ግን በ12.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ክንዱ ረዘም ያለ ፍሬን ያስፈልጋል። የኋላ ፍሬኑ ሽቦም የወረደውን ቱቦ ተከትሎ ስለሚዞር ከወንዱ ብስክሌት ይረዝማል፤ ማጠፊያው ጠባብ ከሆነ ፍሬኑ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሽፋኑን ሰፋ ባለ ቅስት አሳልፉት፤ ለመልክ ሲባል አታሳጥሩት።

አሁን የቀሩኝ ፔዳሎቹ ናቸው። የክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሉን ከአክሰሉ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ቀዳዳ በፈረንሳይ ልክ 14 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሚሸጠው ፔዳል 9/16 ኢንች፣ ማለትም 14.3 ሚሊ ሜትር ነው። ክራንኩ ወፍራም ስለሆነና ልዩነቱም ጥቂት ስለሆነ፣ በዚህ ቦታ በእንግሊዙ ልክ አዲስ ጥርስ ማውጣት ያለ ስጋት የሚደረግ ሥራ ነው። ግራውና ቀኙ ጥርስ ስለሚለያይ ሁለቱንም መቁረጫ የያዘ ቶርኖ ቤት እያፈላለግሁ ነው።