ሁለት ሳምንት ኤረር መስሎኝ የታገልኩት ነገር

የማስተርስ ቲሲሴ አርኤፍ ሜምስ ስዊች (የሬዲዮ ሲግናል የሚያበራና የሚያጠፋ በጣም ትንሽ ተንቀሳቃሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ ነበር። ያው ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ የወርቅ ድልድይ ነው፣ ርዝመቷ 300 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ ስፋቷ 100፣ ውፍረቷ 1 ማይክሮን፣ ከስሯ 3 ማይክሮን ክፍተት አለ፣ በክፍተቱ ስር የሬዲዮ ሲግናሉ ያልፋል፣ ቮልቴጅ ስትሰጣት ትወድቅና ሲግናሉን ወደ ግራውንድ ትለቀዋለች። ከዳዮድ ስዊች አንፃር ቀርፋፋ ናት፣ ግን ሲግናል ብዙ አትበላም፣ ተይዛ ስትቆይም ከረንት አትጠጣም ማለት ይቻላል።

ክሊንሩም (እንዲህ ያለ ነገር የሚሰራበት ከአቧራ የጸዳ ላብ) ስላልነበረኝ ስራዬ ዲዛይንና ሲሙሌሽን ብቻ ነው። ኪቶ አካባቢ በተከራየሁት ቤት ማታ ላፕቶፑን ለቅቄ እተኛለሁ፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፣ ባትሪዬ ደሞ የሞተ ነው፣ ጠዋት ከዜሮ።

በእጅ ሳሰላው ድልድይዋ 30 ቮልት አካባቢ መውደቅ አለባት (ኬ፣ ማለትም የድልድይዋ የስፕሪንግ ጥንካሬ፣ 10 ኒውተን በሜትር ገደማ፣ ከስሯ ሆኖ የሚስባት ኤሌክትሮድ 100 በ100 ማይክሮን)። ሶፍትዌሩ ግን 29 ድረስ በሰላም ይሄድና አልኮንቨርጅም (መልሱ ላይ መድረስ አልቻልኩም) ብሎ ቀጥ። ሜሹን (ድልድይዋ ለስሌት የተከፋፈለችበትን መረብ) አጠበብኩ፣ ሶልቨር (ስሌቱን የሚፈታውን ክፍል) ቀየርኩ፣ እንደገና ጫንኩት ምናምን፣ ሁለት ሳምንት አለቀ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ የሚቆምበትን ቦታ ደብተር ላይ ስመዘግብ ሁሌም 1 ማይክሮን ገደማ ከወረደች በኋላ ነው። የክፍተቱ ሲሶ! ለካ ኤረር አይደለም፣ እራሱ ፑል ኢን ነው፣ ድልድይዋ መቆም አቅቷት የምትወድቅበት ነጥብ። የኤሌክትሪኩ ስበት ርቀት በቀነሰ ቁጥር በካሬ ያድጋል፣ ስፕሪንጉ ግን ቀስ ብሎ በቀጥታ ነው የሚያድገው፣ ከሲሶ በኋላ አይደርስበትም፣ ድልድይዋ ጧ ብላ ትወድቃለች፣ ሶልቨሩ ደሞ በመሃል የሚቆምበት መልስ የለውም። ስለዚህ ገለበጥኩት፣ ይሄን ያህል ውረጂና ስንት ቮልት እንደሚያስፈልግ ንገሪኝ አልኳት፣ ኩርባው ወጥቶ 1 ማይክሮን ጋ ወደ ታች ታጠፈ።

በደስታ አድቫይዘሬ ጋ ስሄድ ዶክተር አንዴ አየት አርጎ "ውጥረቱን የት አደረግከው?" አለኝ። አላስገባሁትም። ወርቁ ሲነጠፍ ውስጡ ውጥረት ይቀራል፣ 20 ሜጋፓስካል ብቻ ሳስገባ ኬ ወደ 40 ሄደ፣ ቮልቴጁ እጥፍ ሆኖ 60። "ወርቁ እኮ ያው ነው፣ ውፍረቱን አልነካሁም" ስለው "ክራር ስትቃኝ ጅማቱን ታወፍረዋለህ እንዴ?" አለኝ። ዝም አልኩ።

ከዛ ጫፍና ጫፏን እንደ እባብ የተጠማዘዘ እግር ሰራሁላት፣ ውጥረቱ እዛ ላይ ይፈታል። እዚህ ጋ ስግብግብ ሆንኩ፣ ኬን 2 ሳደርገው 13 ቮልት ገባ፣ ግን የሚመልሳት ጉልበት ኬ 10 ሳለ ከነበረው 30 ማይክሮኒውተን ወደ 6 ወረደ፣ ዳይኤሌክትሪኩ (ከስሯ ኤሌክትሮዱን የሸፈነው ኢንሱሌተር) ትንሽ ቻርጅ ከያዘ ወድቃ እዛው ተጣብቃ ትቀራለች ማለት ነው። ኬ 5 ላይ ተስማማሁ፣ 21 ቮልት፣ 15 ማይክሮኒውተን።

ዲፌንስ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "የስልክ ባትሪ 3.7 ነው፣ 21ዱን ከየት ታመጣለህ?" ነበር። ቻርጅ ፓምፕ (ትንሽ ቮልቴጅን ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት) አልኩና ከረንት ስለማትጠጣ ትንሿ እንደምትበቃ ደብተሩን አውጥቼ ሰሌዳው ላይ ማስላት ጀመርኩ።