ስም የማስወጣት ነገር

ዛሬ ሰው ማናገር አላሰኘኝም። ሙቀቱ ይሁን ሌላ እንጃ። የድሬዳዋን ቀትር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በመሥሪያ ቤታችን ቀዝቃዛው ቦታ አንድ ነው፤ የሰርቨሩ ክፍል። ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

ሥራም ነበረኝ። የሠራተኛውን ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል የያዘው አሮጌው የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሰርቨር መሰናበት አለበት። የሚሠራው በዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር 2 ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመ ቆይቷል፣ በ2023 እ.ኤ.አ.። አለቃዬ ሶኬቱ ቢነቀል ያልቃል ባይ ነው። አያልቅም። ይህ ሰርቨር ከአዲሱና ሐረር ካለው ጋር ቅጂ ይለዋወጣል፤ ዝም ብዬ ባጠፋው ሁለቱ መሄዱን ስለማያውቁ ሲጠሩት ይኖራሉ። ስለዚህ ቅጂው ያለ ስህተት መተላለፉን አየሁ፤ አምስቱን ልዩ ኃላፊነቶች ለአዲሱ አስረከብኩ፤ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤሱንም አስተካከልኩ። ከዚያ አሁንም ማን እንደሚጠይቀው መዝገቡን ስመለከት የሒሳብ ክፍሉ ፎቶ ኮፒ ማሽን ብቅ አለ። የአሮጌውን አድራሻ በቁጥር ጽፎበት የሄደ ሰው አለ። ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

እዚህ ሥርዓት ውስጥ ስም ሲሰረዝ ወዲያው አይጠፋም። ወሬው ለሁሉም እስኪዳረስ ድረስ የመሰረዙ ምልክት ብዙውን ጊዜ 180 ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ተለይቶ የከረመ ሰርቨር ቢመለስ፣ የተሰረዙትን እንዳሉ ቆጥሮ ይዟቸው ይመጣል።

ይህን ሳስብ እናቴ ትዝ አለችኝ። አገር ቤት ያለውን እድር እስከ ዛሬ በስሜ ትከፍላለች። ወርኃዊውን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ቀብር ባልተገኘሁ ቁጥር መቀጮዬንም ትከፍላለች። እዚያ ስሜ ይጠራል፤ «የለም» ይባላል፤ ይጻፋል። እኔ ደግሞ እዚህ ሰፈር እድር ገብቻለሁ፤ ድንኳን ተክያለሁ፣ ወንበር ተሸክሜያለሁ።

ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ በቃ ስሜን አስወጪው» አልኳት።

«በቁምህ ስምህን ላስፍቅ?» አለችና ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረች። በዚያው ቀረ።

ሰርቨሮቹስ ሕግ አላቸው። ያው አንዱ መረጃ ሁለት ቦታ ቢቀየር የለውጡ ቁጥር የበለጠው ያሸንፋል፤ ቁጥሩ እኩል ከሆነ ደግሞ ዘግይቶ የተጻፈው ያሸንፋል። የሁለቱን እድሮች ጸሐፊዎች ግን ማን ያስማማቸዋል? የእኛው ጸሐፊ መዝገቡን ለሊቀ መንበሩ እንኳ አያሳይም።

አንድ ቀን እዚሁ ብሞት የዚህኛው እድር ይቀብረኛል፤ ደግ። እናቴም እዚያ ድንኳን ታስጥላለች፤ ለቅሶ ይቀመጣሉ፤ እንደ ደንቡ ስም ይጠራል። ስሜ ጋ ሲደርሱ «የለም» ሊባል ነው። ታዲያ በራሴ ለቅሶ ባለመገኘቴ እቀጣለሁ?