የቶርኖውን ቲዩብ አውጥታችሁ ከመጣላችሁ በፊት

አሮጌ ሞናርክ 10ኢኢ ቶርኖ የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ካለ ይህን ያንብብ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ብር ይተርፈኝ ነበር።

ማሽኑ እዚሁ ኦሃዮ፣ ሲድኒ ከተማ የተሠራ ነው። ማጓጓዙም፣ ማጽዳቱም፣ ዘይት መቀየሩም አላስቸገረኝም። ያንገበገበኝ የቲዩቦቹ ነገር ነው።

የዲሲ ሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ታይራትሮን የሚባሉ ጋዝ ያለባቸው ቲዩቦች ናቸው። ግሪዱ፣ ማለትም በቲዩቡ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ቲዩቡን ማስጀመር እንጂ ማቆም አይችልም። አንዴ ከበራ የሚጠፋው የኤሲው ሞገድ ዜሮ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በየሞገዱ ቀደም ብሎ ከበራ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ዘግይቶ ከበራ ዝግ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጣው ኤስሲአር የሚባለው የሲሊከን ማብሪያም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

የእኔዎቹ ታይራትሮኖች፣ ሲ16ጄ የሚባሉት፣ ሞቱ። ተካኋቸው፣ አዲሶቹም ሞቱ። የጠራሁት ባለሙያ ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ጣለውና ኤሲ ሞተር ከቪኤፍዲ ጋር ግጠምለት» አለኝ። ቪኤፍዲ የኤሲ ሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር ዘመናዊ መሣሪያ ነው። ለዚህም አስከፈለኝ! እስካሁን ያናድደኛል።

ራሴ ከፍቼ ሳየው ለካ ከእኔ በፊት የነካካው ሰው የማዘግያ ሪሌውን በቁራጭ ሽቦ ዳይሬክት አድርጎታል። ሪሌው ፊላመንቱ (የቲዩቡ ማሞቂያ ሽቦ) እስኪግል ከፍተኛው ቮልቴጅ እንዳይገባ የሚከለክል ነው። ካቶዱ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚያወጣው የቲዩቡ ክፍል፣ ሳይግል ጭነት ከመጣበት በቂ ኤሌክትሮን አይሰጥም፣ የጋዙ አየኖች ይደበድቡትና ልባሱን ይልጡታል። አንድ ደቂቃ መታገስ አቅቶት ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ያጠፋው።

በዚህ ላይ የፊላመንቱ ቡሎን ላልቶ፣ ሽቦው ጠቁሮ ነበር። ፊላመንቱ 2.5 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ግን ከ30 አምፔር በላይ ይጠጣል። በዚህን ያህል ከረንት ትንሽ ዝገት እንኳ ቮልቴጁን ትበላለች። ትራንስፎርመሩ ላይ 2.5 እያሳየ ቲዩቡ ጫፍ ላይ 2.2 ብቻ ነበር። በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ ሳጠብቀው ተስተካከለ። የምትለኩት ቲዩቡ ጫፍ ላይ ይሁን፣ ያውም የአኖዱ (የከፍተኛው ቮልቴጅ) መስመር ተቋርጦ።

አሁን ሪሌው አንድ ደቂቃ ቢልም እኔ አምስት ደቂቃ አሞቀዋለሁ። ቪኤፍዲ የሚሏችሁንም አትስሙ። ተመሳሳይ የፈረስ ጉልበት ያለው ኤሲ ሞተር በዝቅተኛ ፍጥነት የዚህን የዲሲ ሞተር ጉልበት አይሰጣችሁም። የእኔው ቀስ ብሎ እየዞረ ወፍራም ብረት ሲልጥ ቲዩቦቹ ሰማያዊ ያበራሉ፣ ሞተሩ አያቃስትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስትሞክሩ የፊልዱን (የሞተሩን ማግኔት የሚፈጥረውን ጥቅል) ሽቦ ነቅላችሁ ለአርማቸሩ (ለሚዞረው ክፍል) ኃይል እንዳትሰጡ። ፊልድ ያጣ ሞተር ፍጥነቱ ገደብ ያጣል፣ እስኪበታተን ሊሮጥ ይችላል።