የወጥመዱን ምልክት አትደብቁ

ደብረ ብርሃን ዛሬ ብርዱ ከቤት አላስወጣ ስላለ ቀኑን ሙሉ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ስንጫወት ዋልን፤ አንዱ ተራኪ ሆኖ ቦታውንና አደጋውን የሚያዘጋጅበት፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱበት፣ ውጤቱም ብዙ ጊዜ በዳይስ የሚወሰንበት ጨዋታ ነው። ስለ ወጥመድ አሠራር ልጻፍ፤ ብዙ ጨዋታ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ተራኪ ሆናችሁ ወጥመድ ስታዘጋጁ ምን እንደሚያስነሳው፣ ምን እንደሚያደርግና በምን እንደሚታወቅ አስቀድማችሁ ጻፉ። የሚረሳው የመጨረሻው ነው። የመንዝ ገደል አፋፍ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በጓሳ ሣር ሸፈናችሁት እንበል። የታጨደ ጓሳ ይገረጣል፤ ዙሪያው አረንጓዴ፣ መሃሉ ቢጫ። ይህን ተጫዋቹ ዳይስ ሳይጥል ንገሩት። «ሣሩን በዱላ እነካካለሁ» ካለ ወጥመዱን አገኘው፤ ዳይስ ምን ያደርጋል?

ምልክት ከሌለው ግን ተጫዋቾች አንዴ ከወደቁ በኋላ እያንዳንዱን ድንጋይ ሲፈትሹ ይመሻል።

የጉዳቱ ቁጥር በጨዋታው ሕግ አምስተኛ እትም እንዲህ ነው፦ በየ10 ጫማ (3 ሜትር ገደማ) ውድቀት አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጉዳት። 20 ጫማ ሁለት ዳይስ ነው፤ አማካዩ 7። የአንደኛ ደረጃ አስማተኛ ነፍሱ (ጉዳት የሚቀንሰው ነጥቡ) ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ስለሆነ ይህ ብቻውን ሊጥለው ይችላል። ለጀማሪ ቡድን 10 ጫማ ቆፍሩ፣ ከጉድጓዱ ሥር የሚተከለውን ሹል እንጨት ለኋላ አቆዩት።