ነጥብ ሰባት ሰባት ወር አይደለም

ትናንት ማታ መገናኛ፣ የየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ 2457 ቀንን ያለ ስልክና ያለ ወረቀት ወደ ዓመት፣ ወርና ቀን ቀየርኩ። ቤት ገብቼ በደብተሬ አረጋገጥኩት፤ ልክ ነው። አራት ወር የለፋሁበት ስለሆነ ደስታዬን ላካፍላችሁ።

ጅማሬው ቀላል ነበር። ቀኑ 24 ሰዓት፣ 1440 ደቂቃ፣ 86,400 ሰከንድ። በሳምንት ያዝኩት። ዓመት ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ።

የኮንዶሚኒየማችን እድር ጸሐፊ ነኝ። አንዲት እናት ሰፈር ሊቀይሩ ስለሆነ የአባልነት ዘመናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ጠየቁኝ። ከጥር 12 ቀን 2011 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2018። ኤክሴል 2457 ቀን አለኝ። ለ365 ሳካፍለው 6.73 መጣ። «6 ዓመት ከ7 ወር» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው በላስቲክ የታሰሩ ደረሰኞቻቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። 80 ወር። የእኔው 79 ነው። «ልጄ፣ አንዷን ወር የት አደረስካት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አፈርኩ።

ነጥብ 7 የዓመቱ ከአሥር ሰባት እጅ ነው እንጂ ሰባት ወር አይደለም። ስለዚህ እባካችሁ በነጥብ አታካፍሉ። ሙሉ ዓመቱን አውጡና ቀሪውን በቀን ያዙት። 6 ጊዜ 365፣ 2190፤ ቀሪው 267። በመሀል በ2011 እና በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች 2 ይቀነሳል፤ 265። ይሄ ቀሪ ደግሞ የ2017ን ጳጉሜን ይሻገራል። አምስቱን ቀን ለብቻ ስታወጡ 260 ይቀራል። ለ30 ሲካፈል 8 ወር ከ20 ቀን። ወሯ ተገኘች! ወረቀቱን አስተካክዬ፣ ይቅርታ ጠይቄ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው።

ስድስተኛዋን ቀን ያስረዱኝ የሰፈራችን መሪጌታ ናቸው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ አንድ ቀን 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ። ዓመቱ ከ365 ቀን በላይ 15 ኬክሮስ፣ ማለትም 6 ሰዓት ይተርፈዋል። በአራት ዓመት 60 ይሞላና አንድ ቀን ይወጣዋል። ይህቺ ቀን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍላችሁ 3 ከቀረ እሱ ነው።

ወደ ፈረንጅ ቀይሮ መቁጠር አልወድም። 31፣ 28፣ 30 እያሉ በጣት አንጓ ከመልፋት የእኛው 30 ይሻላል። ጥር 12 የዓመቱ ስንተኛ ቀን ነው? ያለፉት 4 ወራት በ30፣ ሲደመር 12፤ 132። በቃ! እውነቱን ለመናገር ግን ኤክሴሉ ላይ እስካሁን የማስገባው በፈረንጅ ቀን ነው።

አሁን የያዘኝ ሌላ ነው። ጳጉሜን 3 የተመዘገበ አባል አለን። 30፣ 30 ቀን እየቆጠርኩ ስሄድ 12ኛው ወር ነሐሴ 28 ላይ ይሞላል። ዓመቱ ግን ገና 5 ቀን ይቀረዋል። እነዚህን ቀናት ከየትኛው ወር ልደምራቸው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን እጠይቃቸዋለሁ።