በኔትወርክ ራክ ውስጥ ገመዶችን ስለ ማሰር

የኔትወርክ ራክ፣ ማለትም የኔትወርክ መሣሪያዎች የሚደረደሩበትን የብረት ቁም ሳጥን፣ ስከፍት አስቀድሜ የምመለከተው የገመዶቹን አስተሳሰር ነው። የፕላስቲክ ማሰሪያ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ሽፋኑን ጨፍልቆ በውስጡ የተጠማዘዙትን ጥንድ ሽቦዎች አቀማመጥ ስለሚያዛባ፣ ከውጭ ምንም ጉዳት ሳይታይ የመረጃ ስርጭቱ ሊዳከም ይችላል፤ ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ቬልክሮን (ተጣብቆ የሚላቀቅ የጨርቅ ማሰሪያ) ነው፤ እርሱም ቢሆን ገመዶቹ በውስጡ በቀላሉ እንዲንሸራተቱ ላላ ብሎ መታሰር አለበት። የተለመደው የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ሲታጠፍ የመታጠፊያው ራዲየስ ከገመዱ ውፍረት ቢያንስ 4 እጥፍ ሊሆን ይገባል። ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ገመድ) ከከባድ የመዳብ ገመዶች ጥቅል ሥር አይቀመጥም። የኤሌክትሪክ ገመዶች በአንድ ጎን፣ የዳታ ገመዶች በሌላው ጎን ይውረዱ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የአየር ዝውውር ነው፤ ትርፍ ገመድ ከመሣሪያዎቹ ጀርባ ሲከማች ሙቁ አየር መውጫ ያጣል፣ የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ (ለመሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል) ለመቀየርም የሚሠሩ መስመሮችን መንቀል ግድ ይሆናል።